እኔ ቤት ብቻ የሚበራው ኮምፒውተር

ባሕር ማዶ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ስኖር ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ጋሼ ታክሲ ይነዳሉ፣ እትዬ ሆቴል ይሠራሉ። እኔ እዚያው ከተማ ሶዶ በሚባል ሰፈር መጋዘን እየሠራሁ አካውንቲንግ ነበር የምማረው። እነሱ ግን ኮሌጅ የገባ ሁሉ ኮምፒውተር ይጠግናል ባዮች ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ በሬን አንኳኩ። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው።

«ልጄ፣ ድረስልኝ! እህቴ ደሴ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው። ዛሬ ገና በቪዲዮ ልንተያይ! ኮምፒውተሩን ከመኝታ ቤት ሳሎን ብናወጣው ሞተ።»

ወደ ላይ ስወጣ ጋሼ ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል።

«ባትሪው ነው» አሉኝ። «ጃምፕ ብናደርገው ይነሳል።»

«ጋሼ፣ መኪና አይደለም እኮ።»

ስክሪኑ በርቷል። እሱና ዋናው ሳጥን አንድ ሶኬት ላይ ስለተሰኩ ኤሌክትሪክማ አለ ብዬ ደመደምኩ። ሳጥኑን ግን ብጫነው ብጫነው ጭጭ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ክዳኑን ከፍቼ እፍ ብል አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዓይኔን አሽቼ ቀና ስል እትዬ የጠበል ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ፣ በማርያም! ውሃ ከነካው አለቀለት!»

«ጠበል ውሃ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። «እንግዲያው አንተን ልርጭህ» አሉና ግንባሬ ላይ ለቀቁብኝ።

ቢቸግረኝ ሳጥኑን ተሸክሜ ወደ ቤቴ አወረድኩት። ስሰካው በራ! እትዬ እልል አሉ። መልሼ አወጣሁት፤ ጭጭ።

«ያንተን ቤት ወዶታል» አሉ ጋሼ።

ኢንተርኔት ቤቱ ሊዘጋ ነው ስለተባለ እንደገና አወረድኩት። ጋሼ ስክሪኑንና ካሜራውን አቅፈው ተከተሉኝ።

እህትየው ብቅ ሲሉ ሁለቱም አለቀሱ፤ እያለቀሱም ሳቁ። ከዚያ እህትየው ወደ ካሜራው ተጠጉ።

«እታለም፣ ከኋላሽ የተሰጣው የማን ሙታንታ ነው?»

አጥቤ ወንበር ላይ የሰጣሁትን ረስቼዋለሁ። የምገባበት ጠፋኝ።

እትዬ ምንም አልመሰላቸውም። «የጎረቤቴ የዚህ ልጅ ነው። አላገባም፤ እዚያ ጨዋ ልጅ ካለች እይለት።»

እህትየው ከተሰናበቱ በኋላ ዕቃውን መልሰን እነሱ ሳሎን እንደነበረው ሰካነው። ዳመናው ቤቱን አጨልሞት ስለነበር ጋሼ በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ተጫኑ።

«ይሄ ደግሞ ከገባን ጀምሮ ምንም አያበራም» አሉ።

እኔም ተስፋ ቆርጬ የሳጥኑን ቁልፍ አንዴ ብነካው ቢፕ ብሎ ተነሳ! ለካ ያ ማብሪያ የሚያዘው መብራት ሳይሆን የሶኬቱን የላይኛውን ግማሽ ኖሯል። ሳጥኑ ከላይ፣ ስክሪኑ ከታች ነበር የተሰካው።

«አላልኩህም?» አሉ ጋሼ በኩራት። «ኮንታክት ነው!»

ማብሪያውን ማንም እንዳያጠፋው በፕላስተር ሲያሽጉት እኔ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ እስቅ ነበር። እትዬ ምሳ ሊያቀርቡ ወደ ኩሽና ገቡ።