ሰላምታው ያልተጎዳ ሰው

ባሌ ማርቆስ መጀመሪያ ያስመለሰው ከአጋሮ ወደ ጅማ ስንመለስ፣ የጭነት መኪና ላይ ነው። የሰው ጆንያ አበላሽቶ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። "ቡናው የት አለ?" አለኝ። ኬላ ላይ ወሰዱት አልኩት። ጥቂት ቆይቶ "ቡናው የት አለ?" አለኝ። ነገርኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። እኔ ሞኟ ተቆጣሁት።

ኬላው ላይ የሆነው ይህ ነው። ወንድሜ ለቤታችሁ ብሎ የሰጠኝ ቡና በነጠላዬ ተጠቅልሎ ተገኘ። በደርግ ጊዜ ቡና ይዞ ኬላ ማለፍ ወንጀል ነበር። ጠባቂው በጥፊ አጮለኝ። ማርቆስ "ሴት አትምታ" አለው። ጠባቂው በጠመንጃ ሰደፍ ከጆሮው በላይ መታው። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ ደገመው። ድምፁ የደረቀ ቅል ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነው፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ ማርቆስ ራሱ ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ መኪናው ላይ ወጣ። በእግሩ ስለሄደ ተርፏል ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ጅማ ስንደርስ የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ወድቆ ተንፈራገጠ። ሐኪሙ ቀጭን የመሐል አገር ሰው ነው። ዓይኑን በባትሪ አይቶ "ኤፒዱራል ሄማቶማ" አለ። ደም በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ተጠራቅሞ አንጎሉን እየተጫነው ነው ማለት ነው። "አሁን ካልበሳሁት ይሞታል" አለኝ። የባሌን ራስ ቅል በሱት። ደሙ ወጣ። ተረፈ።

ሲነቃ ሐኪሙ ጠየቀው። ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለበትን ቦታ። ወደ ኋላ አስቆጠረው። ሁሉንም መለሰ። "ደህና ነው" ተባልኩና ቦሳ ኪቶ ወዳለው ቤታችን ይዤው ገባሁ።

ለታመመ ሰው የሚደረገውን መቼም ታውቁታላችሁ። ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ማርቆስ አንድ ሰላምታ አላበላሸም። ለእስላም ጎረቤቶቻችን "አልሐምዱሊላሂ" ይላል፤ ከገጠር የመጣውን በኦሮምኛ ስለ ልጁም ስለ ከብቱም ይጠይቃል፤ ለእኛዎቹ ለጴንጤዎቹ ደግሞ፣ ያኔ ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጌታ ይባረክ" ይላል። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ "ማሎ! ከበፊቱም በለጠኮ" ብላ እየተደነቀች ትስቃለች። ውሃ እጁ ላይ እናፈስለታለን፣ እናጎርሰዋለን፣ ጫማውን እናስርለታለን። ሊነሣ ሲል የቤቱ ሰው ሁሉ "በሞቴ ተቀመጥ" ይለዋል። ታዲያ ምን መሥራት እንዳቃተው ማን ያያል? እኛ ዘንድ ሰላምታው ያማረ ሰው ድኗል።

ብቻችንን ስንቀር ግን እኔ አየዋለሁ። ሸሚዝ ላይ ሸሚዝ ይደርባል። ውጭ ሊሸና ወጥቶ የወጣበትን ረስቶ ይመለሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ራዲዮኑን ቀንስልኝ አልኩት። አንገቴን ያዘኝ። ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። ትንፋሼ ተቆረጠ። ባልና ሚስት ሆነን ስንኖር እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። አዴ ፋጡማ ድስት ሲወድቅ ሰምታ ገባች፤ ዘነዘና አንሥታ ክንዱን አለችው። ለቀቀኝ። ወዲያው "አዴ፣ እንዴት ዋሉ? ቤተሰብ ደህና?" አላት። ከዚህ በላይ የፈራሁበት ቀን የለም።

ማርቆስ ጅማ አቅራቢያ ባለችው የቡ በምትባል ከተማ የገበሬዎች ማኅበሩ የቡና መፈልፈያ ማሽን ኦፕሬተር ነበር። የቀዩን ቡና ልጣጭ የሚገፍ ሞተር ነው። ቡናው ሲታፈንበት ኦፕሬተሩ ያቆመዋል፤ ሴቶቹ እጃቸውን ከተው ያጸዱታል፤ እጅ ሁሉ መውጣቱን አይቶ ያስነሣዋል። ያኔ ለቀማ ደርሷል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር "ሰላም ሲሉት ይመልሳል አሉ። ሥራ ካልገባ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" ብሎ ላከብኝ። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ያኔ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ብልከው የሴት እጅ ይቆረጣል። ባስቀረው ይታሰራል።

ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ አንገቴን አሳየሁት። የማርቆስ ጣቶች ገና ሰንበር ሆነው ይታያሉ። "እስካሁን አስወራሁት እንጂ ሲሠራ አላየሁትም" አለኝ። ሊቀ መንበሩንም አስጠራው።

ሆስፒታሉ ጓዳ ውስጥ ተቀመጥን። የላምባ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ብርጭቆ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ሐኪሙ "አቶ ማርቆስ፣ ሻይ አፍሉልን። ማንም እንዳይረዳቸው፤ አንቺም እህቴ" አለ። ማርቆስ ሊቀ መንበሩን ከነቤተሰቡ ጤንነት ጠይቆ አሳቀው። "ይሄ ነው በሽተኛ?" አለ ሊቀ መንበሩ። "ይጠብቁ" አለው ሐኪሙ።

ማርቆስ ማንቆርቆሪያውን ባዶውን ጣደ። ልነሣ ስል ሐኪሙ ትከሻዬን ተጫነኝ። ማርቆስ ምድጃውን ለኮሰ። ማንቆርቆሪያ መያዣውን ጨርቅ እሳቱ ጥግ ተወው። በበር የሚያውቀው ዘበኛ አለፈ፤ ወጥቶ ሰላምታ ጀመረ። ስለ ልጆች ጠየቀ። ስለ ዝናብ ጠየቀ። ጨርቁ ተያያዘ። "ማርቆስ" አልኩ። ተመለሰ። እሳቱን አየ። ሊያጠፋው ጄሪካን አነሣ። ላምባ ነው። ሐኪሙ ዘሎ ያዘው። ማርቆስ በክርኑ አፉን መታው። የሐኪሙ ጥርስ ተሰበረ። ደሙ ጋዋኑ ላይ ወረደ። ሊቀ መንበሩ እሳቱን በኮቱ አፈነው። ማርቆስ ዞር ብሎ አየን። "ማነው ሻይ ጥዶ የሄደው?" አለ።

ሐኪሙ አፉን በመሐረብ ይዞ ነው ያስረዳን። "ምላሱ ደህና ነው። የተጎዳው ፍሮንታል ሎብ ነው፤ ሥራን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የሚመራው፣ ቁጣንም የሚገታው የአንጎል ክፍል።" ሊቀ መንበሩ የተቃጠለ ኮቱን አየ። "ማሽኑን ሌላ ሰው ይያዘው" ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሻጥር የሚል ቃል አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ የቤቱን ሥራ አንድ በአንድ አስለምደው ጀመር፤ ማርቆስ ጫማውን ራሱ ያስራል፣ ሲያስር የሚያደርገውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እኔም እጄን አጣምሬ እየተንገበገብኩ አየዋለሁ፣ ሲሳሳት አልነጥቀውም፣ ራዲዮና ጠያቂ አንድ ላይ እንዳይሆኑ እጠብቃለሁ፣ ፊቱ ሲቀላ ደግሞ ጀግና ልሁን ሳልል ወደ አዴ ፋጡማ ቤት እሮጣለሁ። ጸሎቱንም አልተውንም። ቆይቶ ማኅበሩ ቡና የሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ላይ ሥራ አስገባው፤ እዚያ ቢሳሳት ቡና ይበላሻል እንጂ ሰው አይጎዳም።

በሽተኛ ያላችሁ ሆይ፣ ስለ ቀኑና ስለ ስሙ መልስ ሰጠ ብላችሁ አትዘናጉ። ሥራ ስጡትና አጠገቡ ተቀምጣችሁ እዩት። ያያችሁትን ለሐኪም ንገሩ። እጁን ካነሣባችሁም ይሉኝታ ይዟችሁ አትደብቁ።

በቀጣዩ ለቀማ አዲሱ ኦፕሬተር ታመመ። ሊቀ መንበሩ ቤታችን ድረስ መጣ። ማርቆስ ሰላምታውን አሳጥሮ ተቀበለው፤ ይህን አስተውያለሁ። ሰውየው "አሁንስ ድነሃል፣ ማሽኑን ያዝልን" አለው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ማርቆስ ቀደመኝ።

"አይ ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ እረሳለሁ። እዚያ ውስጥ የሰው እጅ አለ።"

ሰውየው እንደሄደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ራሱን ያወቀው ያን ቀን ነው። ያን ሐኪም ለተሰበረ ጥርሱ እግዜር ይካሰው።