በጾም የተገዛው ቅቤ

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ጾም ያልጀመርኩ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በገና ጾም ከቤታችን ሰው ሁሉ ቅቤ መቅመስ የሚፈቀድልኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ታሪኩን እስከ ዳር ካነበባችሁልኝ ጊዜያችሁ በከንቱ አይቀርም፤ በትንሽ ወጪ የገና ስጦታ እንዴት እንደሚሰናዳ ታውቃላችሁ፣ ስለ ተረትም አንድ ነገር ታውቃላችሁ፣ ምናልባትም እንደኔ ትናደዳላችሁ። እኔ ይኸው አድጌም አልበረደልኝም።

የምንኖረው ቢቸና ነበር። አባቴ ሞቷል። በቤቱ ውስጥ እናቴ፣ እኔና የእናቴ አክስት እማሆይ ነበርን፤ እማሆይ ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ታላቅ እህቴ የሺ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ የሙያ ትምህርት ሞጣ ስለደረሳት እዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። እናቴ ከገና በኋላ ያንን ኪራይ መክፈል እንደማትችል ታውቃለች። ሞጣ ደግሞ የአባቴ እህት አክስቴ አዛለች ሰፊ ግቢ አላት። እንግዲህ የእናቴ ሐሳብ ለገና ስጦታ ይዛ ሄዳ የሺን እንድታስጠጋላት መለመን ነበር። «ባዶ እጄን ሄጄ ግን አልለምንም» አለች።

ስጦታውን የሠራነው ማታ ማታ ነው። ያኔ መብራት ከዋናው መንገድ አልፎ ወደኛ ሰፈር አልገባም፤ ኩራዙ ጥቀርሻውን ወደ ጣሪያው እየተፋ፣ የምድጃው ፍም አመድ እየለበሰ፣ እማሆይ ጥጥ እየፈተሉ ተረት ይነግሩን ነበር፤ እኛም እየሰማን እጃችን አይቦዝንም። አገልግሉን የሺ ራሷ ክረምቱን ከአክርማና ከስንደዶ ሰፍታዋለች፤ ቆዳ ማልበሻ ስላልነበረን እንዲሁ ተውነው። ዳቦ ቆሎው ከቤት ስንዴ፣ በርበሬው ካለፈው ዓመት የተረፈ።

ጧፉ ግን ልዩ ነው፤ አሠራሩን ላስረዳችሁ። ጎረቤታችን ጠጅ ትጥል ነበርና ሰፈፉን፣ ከማሩ የሚቀረውን ሰም ያለበት አተላ፣ ልትደፋ ስትል እናቴ ትቀበላታለች። ሰፈፉ በውኃ ይፈላል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ሲበርድ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ያንን ሰም ዳግም አቅልጦ እማሆይ የፈተሉትን ፈትል ደራርቦ ማጥለቅ፣ ከዚያም ሳይደርቅ በመዳፍ ማሸት ነው። ማሸቱ የእኔ ሥራ ነበር። እጄ ሌት ተቀን ሰም ሰም ይሸት ነበር፤ እኔም ኮርቼበት አልታጠብም።

የጎደለው ቅቤ ብቻ ነበር። ላማችን ነጥፋለች። እናቴ ገበያ ወጥታ ከአያ ታከለ፣ ማንም ከሚያምነው ቅቤ ነጋዴ፣ ገዛች። አብሬያት ስለነበርኩ ሲምልላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «በያዝነው ጾም ይሁንብኝ፣ የደጋ ቅቤ ነው እህቴ! መቅመስ ባይቻል ማሽተት ይቻላል፣ አሽቺው!» ከላይ ከላይ አሸተተችው። ከላይ ያለው ደህና ነበር።

ማታ እናቴ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን ጨምራ ስታነጥረው ቤቱ በመዓዛው ታወደ። እሷም እማሆይም ጾመኛ ናቸውና የማማሰያውን ጫፍ ወደኔ ዘረጋችልኝ።

«ነይ ቅመሽልኝ፤ ቅመሙ በቃው?»

ላስኩት። «ጧፍ ጧፍ ይላል» አልኩ።

እናቴ ሳቀች። «እጅሽን አላየሽውም? ሰሙን ልሰሽ ነዋ!»

«እጄን አልላስኩም፤ ማማሰያውን ነው የላስኩት!»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ ብያለሁ!»

ሳቋ የት እንደገባ አላውቅም። ታጠቢና ድገሚ አላለችኝም። ኋላ ጠይቄም አንብቤም እንደተረዳሁት ሞራና ሰም አፍ ውስጥ ጠባያቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ላንቃ ላይ ይለጠፋሉ። «ሞራ ተቀላቅሎበታል» ለማለት ቃሉ አልነበረኝም፤ ምላሱ ግን ነበረኝ። ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ ምላስ የነበረኝ እኔ ነበርኩ!

እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እንደወትሮው «ተረት ተረት» አሉ፤ እኔም አኩርፌ «የላም በረት» አልኩ።

አውሬዎች ሁሉ እንጹም ብለው ተስማሙ አሉ። ጦጣ ግን ቅቤ ነጋዴ ሆነች፤ እንስራውን ጭቃ ሞልታ ከላይ ቅቤ ቀባችው። ጾመኛ አይቀምስምና ሁሉም እያሸተተ ሊገዛ ተሰለፈ። ለጾም ያልደረሰች አንዲት የአይጥ ግልገል እንስራው ውስጥ ጥርሷን ሰደደችና «ይሄ እኮ ጭቃ ነው!» ብላ ጮኸች። ዝሆን «አንቺ ጉድጓድ ውስጥ ያደግሽ፣ የራስሽ ጢም ላይ ያለው አፈር ነው» ብሎ አባረራት። በዓሉ ሲደርስ አንበሳ አፉን ከፍቶ ቢጎርስ ጭቃ። ያገሳል የምንለው እስከ ዛሬ ጭቃውን እየተፋ ነው።

እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ዞረች። «እማሆይ፣ ይቺ ተረት ለእኔ ናት?»

«ለእሳቱ ናት ልጄ» አሉ። «የፈለገ ይሙቃት።»

እናቴ አልሞቀቻትም። ቅቤውን ቅል ውስጥ ገልብጣ ከደነችው።

በዋዜማው እኔና እናቴ በአቧራማው መንገድ አገልግሉን ጭናችን ላይ አድርገን በአውቶቡስ ሞጣ ገባን። አክስቴ አዛለች፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር። ጧፉን አገላብጣ አሸተተችና «አይ እጅ! እጅሽ ይባረክ!» አለች። እናቴ የየሺን ነገር ስታነሳባት «ከማድ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍል ባዶዋን ናት፤ በዓሉ ይለፍና እንነጋገራለን» አለቻት። የሺ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። የእናቴን ፊት እንደዚያ ምሽት ሲበራ አይቼው አላውቅም።

የዶሮ ወጡ የተሠራው በእኛ ቅቤ ነው። ሌሊት ቅዳሴ ወጥተን ስንመለስ እንግዶች መጡ፣ ማዕድ ቀረበ፣ ጨዋታው ደራ፣ ወጡም ሳህን ላይ ቀዘቀዘ። ሲቀዘቅዝ ነጭ ሽፋን አበጀ። አንድ ሽማግሌ ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ እያንቀሳቀሱ «ወይዘሮ አዛለች፣ ይሄ ዶሮ ነው ወይስ ሙክት?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ከቢቸና ድረስ ሞራ ተሸክመሽ መጣሽ?» አለቻት እናቴን፣ በሰው ፊት።

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን እሷን ለማዳን ብዬ ጮኽኩ፦ «እኔ ቀምሼ ተናግሬ ነበር! ጧፍ ጧፍ ይላል ብዬ ነበር!»

«ሰማችሁ?» አለች አክስቴ ወደ እንግዶቿ ዞራ። «አውቃ ነው ያመጣችው!»

የማድ ቤቱ ጎን ክፍል ወሬ በዚያው ቀረ። እውነቱን የተናገርኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ አልታመንኩም፣ ሁለተኛ ሲያምኑኝ ደግሞ ባፌ እናቴን አስወነጀልኳት። ይሄ ነገር ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል።

ቢቸና ተመልሰን፣ በገበያ ቀን እናቴ አክስቴ ከነቅሉ የመለሰችላትን ትርፍ ቅቤ ይዛ አያ ታከለ ፊት ቆመች። ምን ቢል ጥሩ ነው? «እህቴ፣ እኔስ ያኔ ጾመኛ አልነበርኩም? እንዴት ብዬ እቀምሰዋለሁ? እንደገዛሁት ነው የሸጥኩት።» ዙሪያውን የቆመው ሰውም «እውነቱን ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ጾሙን ጋሻ አደረገው! ሰው ለእግዜር ብሎ አፉን የዘጋበትን ወር እሱ የሞራ መሸጫ ወር አደረገው፤ ጾመኛ ነበርኩ ሲል ደግሞ ተጨበጨበለት ማለት ይቻላል። በእጃችን የሠራነው አንድም አላሳፈረንም፤ ያሳፈረን በመሐላ የገዛነው ነው።

የሺ ብዙም ሳትቆይ ትምህርቷን ትታ መጣች። ፍራሿን ጠቅልላ በራሷ ተሸክማ ከአውቶቡስ ስትወርድ እናቴ ተቀበለቻት። ከዚያ ደጀን ወረደች፤ የሹፌሮች ማደሪያ ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ቀረች።

የሺ በሄደች ማታ እማሆይ «ተረት ተረት» ሲሉ እኔ አልመለስኩም።

«እማሆይ፣ ያን ዕለት አምነውኝ ነበር?» አልኳቸው።

«አምኜሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገሯትም?»

ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ። «ሌላ ቅቤ መግዣ አልነበራትም ልጄ። ደስታዋን ላፈርስባት ፈራሁ።»

እማሆይን እወዳቸው ነበር፤ ዛሬም እወዳቸዋለሁ። በዚህ ግን ይቅር ማለት ያቅተኛል። ተረት ደግ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ማታ ያሞቀኝ እሱ ነው። ነገር ግን ያመነ ሰው በግልጽ መናገር ሲገባው ተረት ጀርባ ሲደበቅ፣ ተረቱ የፈሪ መጋረጃ ይሆናል። አንዲት ቅል ቅቤ እቤት ብትቀር ኖሮ አገልግሉ ጧፉንና ዳቦ ቆሎውን ይዞ በክብር ይገባ ነበር፤ እህቴም ዛሬ የሙያ ባለቤት ትሆን ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ለገና ስጦታ ስታሰናዱ ከሱቅ አትጀምሩ። ጠጅ ከምትጥል ጎረቤት ሰፈፍ ለምኑ፣ ጥጥ ፍተሉ፣ ጧፉን በመዳፋችሁ እሹት፤ አያቅታችሁም። የግድ የምትገዙት ነገር ካለ ከሰፈሩ ትንሹን ልጅ ጠርታችሁ ነጋዴው ፊት አስቀምሱት። ልጁ ፊቱን ካጨማደደ ዕቃውን እዚያው መልሱና እጁን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ሞክሩት፤ ተረቱን መንገድ ላይ ትነግሩታላችሁ።