የአውሮፕላኑ ሽማግሌዎች

ባለፈው እሑድ ሱሉልታ፣ ወንድሜ ቤት፣ ሦስት ሽማግሌዎች በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ የጓዳውን መጋረጃ ይዛ ቆማለች፤ ልጃቸው ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ያን ጊዜ የሰበታው ቤታችን ትዝ አለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሁለት የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አልፌ ነበር፤ አንዱ የአውሮፕላን ጥገና፣ ሌላው የናፍጣ ሞተር። የፊዚክስ መምህራችን አንድ ቀን የክፍሉን ተማሪዎች አየር ማረፊያ ወስደው የተፈታ የአውሮፕላን ሞተር አሳይተውን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላማረኝም። አባቴ ግን ናፍጣውን መረጠ። አጎቴ እዚያው አቅራቢያችን ዓለም ገና ላይ የከባድ መኪና ጋራዥ ነበረው፤ እዚያ ውዬ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ለአውሮፕላኑ የአባት ፊርማ ያስፈልግ ስለነበር መምህሬ «ሽማግሌ እንላክባቸው» አሉ።

መስከረም ነበር፤ ጅማ መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። መምህሬ ከጎረቤታችን ከኦቦ ቶላና ከአንድ ሌላ አዛውንት ጋር መጡ። ጭቃቸውን ደጃፉ ላይ ጠርገው ገቡና ቆሙ።

«ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ ኦቦ ቶላ። «ለባል አይደለም፤ ለአውሮፕላን ነው።»

«አውሮፕላኑ የማን ልጅ ነው?» አለ አባቴ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ጓዳ ሆኜ አፌን ይዤ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን አባቴ ልጁን ለትዳር እንደተጠየቀ ሰው ኮስተር ብሎ፣ «ከዘመድ ልማከር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለ።

መምህሬ «ምዝገባው እኮ ዓርብ…» ብለው ሲጀምሩ ኦቦ ቶላ ክንዳቸውን ያዙ። በቀጠሮ መከራከር ነውር ነበር።

ሲሄዱ እናቴ፣ «ዓርብ ያልፋል እያሉ እኮ ነው» አለችው።

«ሽማግሌ ልከው የለ እንዴ? ይጠብቃሉ እንጂ! በመጀመሪያው ቀን እሺ ብል፣ ልጁ ከብዳዋለች አይሉኝም?»

የአውሮፕላን ትምህርት ቤቱ የላካቸው መስሎት ነበር። እንዳልሆነ ብትነግረውም፣ ሽማግሌ ከገባ በኋላ ቀጠሮ የማይጠብቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማመን አልቻለም።

በቀጠሮው ቀን በግ አርዶ፣ አዲስ ጋቢውን ለብሶ ጠበቃቸው። ገና ከመግባታቸው «ሰጥቻለሁ» አለ። መምህሬ መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ቶላ ምዝገባው ማለፉን ቀስ ብለው ነገሩት።

«እኔ እንቢ አላልኩም እኮ» አለ አባቴ። ለማን እንደተናገረ አላውቅም። ሥጋው ቀረበ፤ ማንም ደህና አድርጎ አልበላም።

ናፍጣ ተማርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ሠራሁበት። ጥሩ ሥራ ነው፤ አስከብሮ አኑሮኛል። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ፣ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ የጀመረውን ወሬ ያቋርጥና ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቅ ነበር።

እንቢ ቢለኝ ኖሮ እቀየመው ነበር። እሺታውን ግን ምን እንደማደርገው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሱሉልታ ላይ ወንድሜም «የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለ፤ ሽማግሌዎቹ ቀጠሯቸውን ተቀብለው ሲቀመጡ፣ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።