መረብ የነካችው የእትዬ ተሾመች ኳስ

እትዬ ተሾመች የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ቁጥር ሳይዝ ለመጣ ባለጉዳይ ፋይል አያወጡም፤ ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ ደንብ ደንብ ነው። እኔን ጸሐፊዋን ሳምሪን እንኳ ስንቴ እንደመለሱኝ እግዜር ይቁጠረው።

በ2001 ዓ.ም. ቦንጋ ላይ የመሥሪያ ቤቶች የመረብ ኳስ ውድድር ተዘጋጀ። እኛ ሴቶቹ አምስት ብቻ ሆንን። ስድስተኛ ካልተገኘች ሳንጫወት በፎርፌ መውጣታችን ነው። አሠልጣኛችን፣ ሹፌሩ ጋሽ ከፈለኝ፣ ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ ዋሉ፤ አንዷ ወገቤን፣ ሌላዋ ባሌን ትላለች። መዝገብ ቤት ሲደርሱ ግን እትዬ ተሾመች ሳይጠየቁ፣ «እኔን ጻፉኝ» አሉ።

ሳቅሁ፤ አልዋሽም። አርባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ደረጃ የሚወጡት ጉልበታቸውን ይዘው ነው። ታሪኩን የሰማሁት ኋላ ነው። ዋጫ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ለትምህርት ቤታቸው ይጫወቱ ነበር። ቦንጋ መጥተው ሊወዳደሩ ሦስት ቀን ሲቀራቸው እናታቸው አረፉ። ትንንሽ ወንድምና እህቶቻቸውን የሚይዝ ጠፋና እሳቸው ቀሩ፤ ኳሱም በዚያው ቀረ። «ቦንጋ ላይ አንዲት ሰርቪስ መትቼ ነጥብ ሳላስቆጥር አልሞትም» አሉኝ። አፈርኩ።

ልምምዱ ከሥራ በኋላ፣ ከቢሮው ጀርባ፣ ጭቃ ላይ ነበር። መረብ ስላልነበረን በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ገመድ እንዘረጋለን። በመጀመሪያው ሳምንት የእትዬ ሰርቪስ ገመዱ ጋ እንኳ አይደርስም። ክንዳቸው በለዘ፤ ጠዋት ፋይል ማንሣት እያቃታቸው «ብርዱ ነው» ይላሉ። መተው ግን ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ሳምንት ኳሷ ገመዱን አለፈች፤ ጋሽ ከፈለኝ በደስታ ኮፍያቸውን ወረወሩ።

የውድድሩ ቀን እውነተኛ መረብ ተዘርግቷል። የገጠሙን አስተማሪዎች ናቸው። የእነሱ ሰርቪስ መረቡን ነክታ ወደ እኛ አለፈችና እትዬ ፊት ወረደች። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው አዩዋት። ዳኛው ነጥቡን ለአስተማሪዎቹ ሰጠ። እትዬ ዳኛው ባለጉዳይ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ፊቱ ቆመው መረብ የነካ ሰርቪስ ይቃጠላል ብለው ሞገቱት። በእሳቸው ጊዜ እውነትም ይቃጠል ነበር፤ ደንቡ ተለውጦ መረብ ነክታ ያለፈች ሰርቪስ መቆጠር ከጀመረች ግን ዓመታት አልፈዋል። ገመድ ላይ ስንለማመድ ይህን ማን አስቦ ይንገራቸው? ከተመልካቹ መሃል አንዱ የእትዬ ፋይል አርጅቷል ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እትዬ ልውጣ አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እሳቸው ከወጡ ፎርፌ ነው። ጋሽ ከፈለኝ ግን ስለ ፎርፌ አላነሡም፤ ቀስ ብለው፣ «እትዬ፣ ነጥብዎን ገና አላስቆጠሩም» አሏቸው። ተመለሱ።

በመጨረሻው ዙር አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት እየመራን፣ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረን፣ የመምታቱ ተራ የእሳቸው ሆነ። እስከዚያ ከመቷቸው ሰርቪሶች አንዱም ነጥብ አልሆነም። መቱ። ኳሷ የመረቡን ጫፍ ነካች። እትዬ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው፣ «ይቅር በሉኝ ልጆቼ» አሉ። ኳሷ ግን ማዶ ወድቃ ነበር፤ እኛም እሳቸው ላይ ተንጠለጠልን።

«እትዬ፣ አስቆጠሩ እኮ» አልኳቸው።

ዳኛውን አዩት፣ እኛን አዩን፤ ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ተሸነፍን፤ ይሁን። ሰኞ ጠዋት እትዬ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ፋይል ተከፍቷል፤ ቁጥርም አለው። የመጀመሪያው ገጽ ከጋሽ ከፈለኝ የተቀበሉት አዲሱ ደንብ ነው። ሁለተኛው ገጽ የሚመጣው ዓመት ተጫዋቾች ዝርዝር ነው፤ አንደኛ ተራ ላይ የራሳቸውን ስም ጽፈዋል።