ከተቆጠረ ሳጥን የወጣ ካቻቢቴ

ከሥራ ስገባ አባቴ ዕቃዬን ሳይቆጥር እረፍት የለውም። መቀስ፣ ሜትር፣ መርፌ ሳይቀር። እኔ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ መርፌ ይጠፋብኛል፣ ያለ ነው። እሱ ግን አንዲት መርፌ ጎደለች ብሎ ፍራሽ ያስገለብጠኛል። «አባባ፣ ይኼ እኮ የአውሮፕላን ሀንጋር አይደለም!» ብዬ ስጮህበት «ቁጠሪ ብያለሁ፣ ቁጠሪ» ይለኛል። ስንት ዓመት በዚህ ተጨቃጭቀናል።

የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ወጣትነቱን የጨረሰው ከአዲስ አበባ ርቆ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር አውሮፕላን ማረፊያ በነበረ ምድብ ነው። በአንድ ወገን ሻንጣውን የታቀፈ መንገደኛ፣ በሌላ ወገን በሽቦ የታጠረ የጦር ሰፈር፤ መንደርደሪያው ግን ለሁለቱም አንድ። የጦሩ አውሮፕላን ሲነሣ መንገደኛው ይጠብቃል። ቦታው በፊት ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነበር አሉ። ድንበር ሊጠብቅ የመጣው ጦር አስፋልት አለበሰው፤ ሻይ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ትምህርት ቤቱም ጦሩን ተከትለው መጡ። በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ በዚያ ይጫናል፣ በድርቅ ጊዜ እህል በዚያው ይራገፋል። «ለዚያ አገር ሰው መንግሥት ማለት ያ መንደርደሪያ ነበር» ይላል አባቴ።

የመካኒኮቹ ሕግ ቀልድ አያውቅም። እያንዳንዱ ሰው ቁጥር ያለው የመሣሪያ ሳጥን አለው፤ በየካቻቢቴውና በየፒንሳው እጀታ ላይም ያው ቁጥር ተቀርጿል። ሥራ ሲያልቅ መሣሪያው ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይቆጠራል፣ ባለቤቱ «ሙሉ ነው» ብሎ ይፈርማል፣ ሳጥኑ ይዘጋል። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተቆጠረ የሰው ሳጥን ዕቃ ማውጣት ነውር ነው፤ ነውር ብቻም አይደል፣ ያሳስራል። የተረሳች አንዲት ብሎን አብራሪውን ይዛው ልትወርድ ትችላለቻ!

ባለፈው ክረምት ለዓይኑ ሞራ ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰድኩት። ካርድ ልናወጣ ተሰልፈን ሳለ ድንገት ክንዴን ጨብጦ ከዓምድ ጀርባ ጎተተኝ። በዕድሜ እኩያው የሚሆን፣ ከዘራ የያዘ ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ አድራሻውን ይናገራል፤ ዊንጌት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብለው ሰውዬው እስኪሄድ ከዓምዱ ጀርባ አልወጣም አለ።

ቤት ስንገባ ዘረገፈው። ሰውዬው የሥራ ጓደኛው ነበር፤ ሳጥናቸው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን አውሮፕላኑ አሁኑኑ ይነሣ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ የመንገደኛውም አውሮፕላን ለማረፍ ተራ እየጠበቀ ሰማይ ላይ ይዞራል። ጓደኛው ቆጥሮ፣ ፈርሞ ወጥቷል። አባቴ አንዲት የውስጥ ማሰሪያ ሊያጠብቅ ሲል የራሱ ካቻቢቴ ጫፉ ተበልቶ አልይዝ አለው። የጓደኛውን ሳጥን ከፈተ፣ ካቻቢቴውን አወጣ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ። ከውጭ ሲጮኹበት ደንግጦ ካቻቢቴውን እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ትቶት ወረደ።

እግዚአብሔር ጠብቆት አውሮፕላኑ በሰላም ተመለሰ። ሲፈተሽ ካቻቢቴው ተገኘ፤ እጀታው ላይ የጓደኛው ቁጥር። ሁሉም ተሰለፉ። ጓደኛው «ቆጥሬዋለሁ፣ ሙሉ ነበር» ብሎ ማለ። «ታዲያ ማን አወጣው?» ሲባል አባቴ ከጎኑ ቆሞ ዝም አለ። ሰውዬው ታሰረ። ሲፈታም አውሮፕላን እንዳይነካ ታግዶ በር ጥበቃ ተመደበ፤ እስኪሰናበት ድረስ የመንገደኛ ሻንጣ ሲፈትሽ ኖረ።

ደሜ ፈላ። «ይኼን ሁሉ ዘመን? እኔን ለመርፌ ፍራሽ እያስገለበጥክ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «እሑድ ቤቱ እሄዳለሁ» አለ። መልሼ ደግሞ ፈራሁለት፤ የኔ ነገር! «ኧረ በማርያም ተወው አባባ! ሰውዬው በከዘራው ቢልህስ?»

«ይበለኛ» አለ። «ይኼን ይዤ ኦፕራሲዮን አልገባም። አንቺ ካልወሰድሽኝ እየተደናበርኩም ቢሆን እሄዳለሁ።» እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እሱ ካለ አለ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ታክሲ ይዘን ዊንጌት ወረድን። ጠይቀን ጠይቀን ቤቱን አገኘነው። ሰውዬው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አባቴን ሲያይ «አንተ! አለህ እንዴ?» ብሎ ተነሥቶ አቀፈው፤ ጉንጩን አገላብጦ ሳመው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወንበር ቢሰጠውም አባቴ አልተቀመጠም። ባርኔጣውን አወለቀና «ካቻቢቴውን ካንተ ሳጥን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሰውዬው ከዘራውን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። «ለማን ለማን ነገርክ?» አለ።

«ለልጄ። አሁን ደግሞ ላንተ።»

«ለልጅህ ነገርካት» አለ ቀስ ብሎ። «የኔ ልጆች እኮ እየሳቁብኝ ነው ያደጉት። ቁልፍ ጠፋ፣ አባባ ነው። መነጽር ጠፋ፣ አባባ ነው። አባባማ አውሮፕላን ውስጥም ይረሳል።»

ወደ ቤት ዞሮ ተጣራ። ጎልማሳ ወንድ ልጁና ሴት ልጁ ወጡ፤ እንግዳ መጣ ብለው ፈገግ ብለዋል። «በል» አለው አባቴን፤ «ለኔ አይደለም። ለነሱ ንገራቸው።»

አባቴን ልደግፈው ስል እጄን ገፋው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ማዕረጉን ተናገረ፣ የሳጥኑን ቁጥር ተናገረ፣ ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው አንሥቶ ጨረሰ። በጥድፊያው አላመካኘም፤ በትእዛዙም አላመካኘም። አፈርኩበት፣ ኮራሁበትም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

ሲጨርስ ልጁ ይወርድበታል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ግን አባቴን ዞር ብሎም አላየው። የራሱን አባት ነበር የሚያየው።

«አባባ» አለው፤ «ታዲያ ለምን አብረኸን ትስቅ ነበር?»