ዘጠነኛው ጉድጓድ

ልጄ ጭነት ይዞ ከጁባ ከወጣና ስልኩ ከጠፋ በኋላ ቀኑን በጠጠር መያዝ ጀመርኩ። እዚያው ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር በተከራየነው ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር፣ በማንኪያ ስምንት ትንንሽ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ እንደኔው ትምህርት ቤት አልገባም። እኔ ፊደሉን የለቀምኩት ኋላ፣ ከዚሁ ከልጄ ደብተር ነው።

«አንድ ጉድጓድ ሁለት ጠጠር አይችልም» ይለኝ ነበር። «በነጋ ቁጥር መጀመሪያው ላይ አንድ ትጥያለሽ። ሞልቶ ካገኘሽው አንሺና ወደ ቀጣዩ አሻግሪ፤ እሱም ከሞላ አንሺው፣ ባዶ እስክታገኚ። አንደኛው አንድ ቀን ነው፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አራት፤ እጥፍ እጥፍ እያለ ይሄዳል። መጨረሻ ዳር ያለችውን ጠጠር ጠብቂ። ሌሎቹ ሁሉ ቢሞሉ እንኳ በአንድ ቀን ትበልጣቸዋለች።»

ጉድጓዱ ስለሚያስታውስልኝ እኔ አላስታውስም። የምራቴ ስልክ ቀኑን ያውቀዋል፤ ግን ማናችንም ስልኩን አንጠይቅም።

አከራያችን በስደት ኢትዮጵያ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። «ሀቦባ» ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። «ሀቦባ፣ ባቄላ ከሆነ የዘራሽው ውሃ አጠጪው እንጂ።»

አምስቱ የሞሉ ዕለት ምራቴ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ስምንቱ ከሞሉ ወደ አገራችን እንግባ።»

እሺ አልኩ። ስምንት ሩቅ መስሎኝ ነበር።

እሷ ምግብ ቤት ሥራዋን ትሄዳለች፣ እኔ ከካቶር እስከ ሎሎጎ ጭነት መኪና የቆመበትን ሁሉ እዞራለሁ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሻይ ይጋብዙኝ ነበር። ኋላ ኋላ ከሩቅ ሲያዩኝ ኮፈን ከፍተው ሞተር ውስጥ ይገባሉ። አልፈርድባቸውም። ምን ይበሉኝ?

አንድ ጠዋት ባዶ የቀረው የመጀመሪያው ጉድጓድ ብቻ ነበር። በማግስቱ ስምንቱም ሊሞሉ ነው። ከስምንተኛው ጠጠሯን አነሣሁና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። ስምንተኛው መቶ ሃያ ስምንት ቀን ነው፤ አራት ወር ተሰረቀልኝ።

ምራቴ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ አየችው።

«ዳር ያለችው የት ሄደች?»

«ዶሮ ሳትጭራት አልቀረችም።»

«የኔ ዶሮ ድንጋይ አትነካም» አለች አከራያችን ከበሯ ሆና።

ምራቴ ግን አልሳቀችም። ጉድጓዶቹ ላይ ጎንበስ ብላ በጣቷ እስከ ስድስተኛው ቆጠረች።

«እኔም አንሥቻለሁ» አለችኝ። «አንቺ ቤተ ክርስቲያን የሄድሽ ቀን፣ ከስድስተኛው። ይመጣል ብዬ።»

ስድስተኛው ሠላሳ ሁለት ቀን ነው። ስምንቱ ከሞሉ ወር አልፏቸዋል ማለት ነው። እኔ ቀን ስሰርቅ የሚሰረቅ ቀን አልቀረም ነበር።

የኔን ጠጠር ከነጠላዬ ፈትቼ ቦታዋ መለስኩ። ከዚያ የሷን ልመልስ ስል ስድስተኛው ባለፉት ቀናት ዳግም ሞልቷል። አነሣሁ፤ ሰባተኛውም ሞልቷል። አነሣሁ፤ ስምንተኛውም። ጠጠሯን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ማኖሪያ የላትም።

ምራቴ ገብታ ማንኪያውን አመጣችልኝ። አፈሩ ደርቆ ነበር፤ ዘጠነኛውን እሷ ቆፈረችው። ጠጠሯን አስቀመጥኩ። ከዚያ ምራቴ ተነሥታ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተች። የልጄን ሸሚዞች መጀመሪያ አጣጠፈች።