ከበሩ ውጭ የቆመችው እንግዳ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ልቀበል ዛሬ ለንግሥ በዓል ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በር ተመለስኩ። አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ስረጭ የራሰው አፈር ሸተተኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለችው የገጠር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንግዳ ይቀበላል፤ እኔ ውሃ አቀብላለሁ። ከደብረ ሲና የወረዱት ሙቀቱ አዝሏቸው ሲደርሱ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸዋል። አንዲት ነጠላዋን ለሐዘን ያዘቀዘቀች ሴት ግን ከበሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ ቀረች።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ!» ብዬ እጇን ጎተትኩ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አባቴ ገለል አድርጎኝ፣ «እንግዳ አይጎተትም፣ ልጄ። ካልገባ አብረሽው ትቆሚያለሽ» አለኝ። ከዚያ ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አንድ ጎረቤታችን ሲያልፍ፣ «ምነው ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎንም አባረሩዎት?» ሲለው ደግሞ በአባቴ አፈርኩ። ሴትየዋ ግን ሳታስበው ሳቀች። ውሃውን ከእጄ ተቀብላ ጠጣች፤ ቅዳሴው ሳያልቅም ከአባቴ ጋር ገባች።

ባለቤቴን ከቀበርኩ በኋላ እኔም ሦስት ወር ሙሉ ከበሩ ውጭ ነበር የማስቀድሰው። «ግቢ እንጂ» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ያስገባችኝ ግን በየእሑዱ አጠገቤ ዝም ብላ የምትቆመው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት።

ዛሬ በሩን ከእሷ ጋር ተጋርተን ቆምን። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከባጃጅ ሲወርዱ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እንድጀምር መፈለጓ ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩ። ድምፄ አልተቆራረጠም።